ገጹ የማን ነው? የአማርኛ መጻፊያ ላይብረሪዎችና የብራውዘሮች ልዩነት

«ቆቦ» በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ሁለት ሆሄ ነው። በላቲን ቁልፍ ሰሌዳ ላይ በድምፅ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን አራት ምት ይጠይቃል፤ «ኪው»፣ «ኦ»፣ «ቢ»፣ «ኦ»። በአራቱ ምቶች መካከል በድረ ገጹ ላይ የተጫነ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ሳይታይ ይሠራል። የመጀመሪያውን ምት ተቀብሎ «ቅ»ን ይጽፋል፤ ሁለተኛው ምት ሲመጣ ወደ ኋላ ተመልክቶ «ቅ»ን ያነሣና በስፍራው «ቆ»ን ይተካል፤ «ቦ»ንም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ለመፈጸም የገጹን የመጻፊያ ሳጥን ከብራውዘሩ ያላገኘውን ችሎታ ሊጨምርለት፣ ማለትም ሊያራዝመው ይገባል። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። በአንዱ ብራውዘር የሠመረው ማራዘሚያ በሌላው ይሰናከላል፤ አንዳንዴም የተሰናከለ ሳይመስል ይሰናከላል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የአማርኛ መጻፊያ ላይብረሪ በገጹ ላይ እንግዳ እንጂ ባለቤት አይደለም። የብራውዘሮችን ልዩነት ለመፍታት የሚደረገው ጥረትም የብራውዘሩን ስም ከማጣራት ይልቅ ላይብረሪው የተደገፈባቸውን ችሎታዎች አንድ በአንድ ከመመርመር ሊነሣ ይገባል። ይህ ካልሆነ ጉዳቱ በተጠቃሚው ትዕግሥት ላይ ብቻ አይቆምም፤ የምርምር መረጃን ያበላሻል።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ለማየት የራያ ቆላ በቂ ምሳሌ ነው። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ ለምርምር መጠይቅ እንግዶች አይደሉም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ መስኖ፣ የማሽላ ዝርያዎች ሙከራና የአቀንጭራ መከላከል በተደጋጋሚ የተጠኑ ርእሶች ናቸው። መጠይቁ ቀድሞ በወረቀት ይሞላ ነበር፤ አሁን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ብራውዘር በሚከፈት ቅጽ መሞላት ጀምሯል። ቅጹ የግዕዝን ፊደል በወጉ ካልተቀበለ መረጃ ሰብሳቢው ጊዜ ለማትረፍ ወደ ላቲን ይሸሻል። ያን ጊዜ የአንዲቱ ከተማ ስም በአንዱ ቅጽ በ«ኬ»፣ በሌላው በ«ኪው» ይጀምራል፤ በመረጃ ቋቱም ውስጥ አንዲት ቆቦ ሁለት ከተማ ሆና ትቈጠራለች። «ጎብዬ» ደግሞ የከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዝርያም በዚሁ ስም ይጠራል። በላቲን ሲጻፍ ብዙ መልክ ስለሚይዝ ከተማውንም ዝርያውንም በትክክል መለየትና መቍጠር አዳጋች ይሆናል። ለመጠይቅ በስፋት የሚያገለግለው «ኮቦቱልቦክስ» የተባለው መሣሪያ የስሙ መነሻ በላቲን ሲጻፍ ከራያዋ ከተማ ስም ጋር አንድ መሆኑም ያጋጣሚ ቀልድ ይመስላል። ሆኖም በ«ቆ»ና በ«ኮ» መካከል ያለውን ልዩነት ላቲኑ ምን ያህል እንደሚውጠው ያሳያል።

ማራዘም ሲባል

ብራውዘር አንድን ገጽ ሲከፍት ጽሑፉን፣ ሥዕሉን፣ አዝራሩንና የመጻፊያ ሳጥኑን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በተያያዙ አባላት መልክ ያደራጃል። እያንዳንዱ አባል ባሕርያቱን የሚወርሰው «ፕሮቶታይፕ» ከሚባል የጋራ ምንጭ ነው። ላይብረሪ እነዚህን አባላት በሦስት መንገድ ሊያገለግል ይችላል። አንደኛው በጋራው ምንጭ ላይ አዲስ ተግባር መጨመር ነው፤ የመስኖውን ዋና ቦይ እንደ መለወጥ ያለ ነው፤ ከቦዩ የሚጠጣ ማሳ ሁሉ ለውጡ ይደርሰዋል። ሁለተኛው በየአባሉ ላይ ለየብቻ ተግባር መለጠፍ ነው። ሦስተኛው አባሉን ሳይነኩ በሌላ ነገር ጠቅልሎ መያዝና ሥራውን በመጠቅለያው በኩል ማከናወን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሳም ስቲቨንሰን ለሩቢ ኦን ሬይልስ ያዘጋጀው «ፕሮቶታይፕ» የተባለ ላይብረሪ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን መንገድ አቀላቅሎ ተጠቀመ። በ2006 የወጣው «ሙቱልስ» የተባለው ላይብረሪም የማራዘምን ፈለግ ተከተለ። በዚያው ዓመት ጆን ሬሲግ ያስተዋወቀው ጄኩዌሪ ሦስተኛውን፣ የመጠቅለልን መንገድ መረጠ። ሦስቱም ዓላማቸው አንድ ነበር፤ የብራውዘሮችን ልዩነት ከፕሮግራመሩ ዓይን መሰወር። ሁለቱ ግን ልዩነቱን ሲሰውሩ ሌላ ልዩነት ወለዱ።

የዚያ ዘመን ዓይነተኛ ብልሽት እንዲህ ነበር። ፋየርፎክስ የአባላቱን የጋራ ምንጭ ለስክሪፕት ክፍት ስላደረገ «ፕሮቶታይፕ» አዳዲስ ተግባራቱን አንድ ጊዜ በምንጩ ላይ ይጨምርና በገጹ ያለው አባል ሁሉ ያገኛቸዋል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 እና 7 ግን ምንጩን ለስክሪፕት አልገለጡም። ስለዚህ ላይብረሪው አባሉ በዶላር ምልክት በተሰየመችው ተግባሩ በኩል ሲያልፍ ብቻ ተግባራቱን አንድ በአንድ ይለጥፍበት ነበር። አባሉን በብራውዘሩ መደበኛ መንገድ ያመጣ ፕሮግራመር በፋየርፎክስ ሁሉ ነገር ሲሠራለት በኤክስፕሎረር «ይህ ነገር እንዲህ ያለ ባሕርይ ወይም ተግባር የለውም» የሚል ስሕተት ይገጥመዋል። ስሕተቱ የታየበት መስመር ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ያለው አባሉ በመጣበት መንገድ ላይ ነው። ከዚህ የሚገኘው የምርመራ ትምህርት እስከ ዛሬ አላረጀም። የተራዘመ አባል ሲሰናከል የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ መስመር ምን አጠፋ?» ሳይሆን «ይህን አባል ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መንገድ አራዘመው?» የሚለው ነው።

ማራዘም ሌላም ዕዳ አለው፤ የነገውን ስም ዛሬ ይይዛል። «ፕሮቶታይፕ» አባላትን በክፍል ስማቸው የሚፈልግ የራሱ ተግባር ነበረው። ፋየርፎክስ 3 በ2008 በዚያው ስም የሚጠራ ተግባር ከራሱ ይዞ ሲመጣ የሚመልሰው የዝርዝር ዓይነት ላይብረሪው ከሚመልሰው ስለተለየ በቀድሞው ላይ የተደገፉ ገጾች ተቸገሩ። በ2010 የላይብረሪው ልማት ተሳታፊ የነበረው ጁሪ ዛይትሴቭ የገጽ አባላትን የማራዘምን ጉድለቶች በዝርዝር ጽፎ ልማዱን ተቸ። ዕዳው በዚህ አላበቃም። የጃቫስክሪፕት መደበኛ ደንብ አዘጋጆች ዝርዝርን ጠፍጣፋ የሚያደርግ ተግባር ሊጨምሩ ሲነሡ የመረጡት ስም ሙቱልስ ከዓመታት በፊት በጋራው የዝርዝር ምንጭ ላይ ካስቀመጠው ጋር ተጋጨ። ነገሩ በ2018 ብዙ ካከራከረ በኋላ ተግባሩ ሌላ አጭር ስም ተሰጥቶት በ2019ኙ ደንብ ወጣ። አንድ ላይብረሪ ለራሱ ምቾት የወሰደው ስም የዓለምን የፕሮግራም ቋንቋ አስገድዷል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ፈተና በዘመን አቆጣጠር ላይ አለ። የጃቫስክሪፕትን የቀን ምንጭ አራዝሞ ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚለውጥ ተግባር መጨመር ለፕሮግራመር ቀላል አቋራጭ ይመስለዋል። ነገር ግን ዘመናዊ ብራውዘሮች ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በአማርኛ የሚያሳይ ችሎታ በመደበኛ ደንቡ አላቸው። የጋራውን ምንጭ የነካ ሰው ነገ ከደንቡ ጋር የሚጋጭ ዕዳ ዛሬ ያኖራል።

ለምን በአማርኛ ይከፋል?

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ የኮድ ቍጥር ተሰጠው። በአስራስድስትዮሽ ሥርዓት «ቅ» 1245፣ «ቆ» 1246 ነው። በሂንዲ ፊደል የአናባቢ ምልክት የራሱ ቍጥር አለውና ከተነባቢው ቀጥሎ ሊጨመር ይችላል። በአማርኛ ግን «ቆ» የ«ቅ» ጭማሪ አይደለም፤ ሌላ ሆሄ ነው። ስለዚህ በድምፅ የሚያጽፍ ላይብረሪ አዲስ ምት በመጣ ቍጥር ወደ ኋላ ሊያይ፣ የጻፈውን ሊያነሣና ሌላ ሊተካ ግድ ነው። የዊኪሚዲያ የቋንቋ መሐንዲሶች ያዘጋጁት «ጄኩዌሪ አይኤምኢ» የአማርኛ ደንቡን የሚያሠራው ከጠቋሚው በስተኋላ ያሉትን ጥቂት ፊደላት አንብቦ በመተካት ነው። ኤስአይኤል የሚያበለጽገው «ኪማን»ም በድረ ገጽ እትሙ ከመጻፊያ ሳጥኖች ጋር ራሱን አያይዞ ይሠራል።

ለዚህ ሥራ ሦስት ችሎታ ያስፈልጋል፤ የተመታውን ቁልፍ ማወቅ፣ ጠቋሚው የት እንዳለ ማወቅና የተጻፈውን መተካት። ብራውዘሮች የሚለያዩት በሦስቱም ላይ ነው።

ጠቋሚውን በሚመለከት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 8ኛው እትም ድረስ የራሱን መንገድ ይከተል ነበር። ሌሎቹ የጠቋሚውን መነሻ በቍጥር ይናገራሉ፤ እርሱ ግን የተመረጠውን ጽሑፍ ብቻ ሰጥቶ ቦታውን ፕሮግራመሩ እንዲያሰላ ይተዋል። 9ኛው እትም በ2011 ከሌሎቹ ጋር ተስማማ። ኤክስፕሎረር ራሱ ሰኔ 15 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) በአብዛኛዎቹ የዊንዶውስ እትሞች ላይ ጡረታ ወጣ። ብዙዎች የብራውዘር ልዩነት አብሮት የተቀበረ ይመስላቸዋል። ልዩነቱ ግን አልተቀበረም፤ ወደ ስልክ ተሻገረ።

በአንድሮይድ ስልክ ላይ በክሮም ሲጻፍ የስክሪኑ ቁልፍ ሰሌዳ ቃሉን በቅንብር ላይ ይዞ ስለሚያቆይ፣ ለላይብረሪው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የእያንዳንዱ ቁልፍ መለያ ሳይሆን 229 የሚል አንድ ቍጥር ነው። ትርጕሙም «ቁልፉን የግቤት ሥርዓቱ ይዞታል» ማለት ነው። «ኪው»ም ሆነ «ኦ» 229 ናቸው። የቁልፍ ቍጥርን እያነበበ በኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የኖረ ላይብረሪ በስልክ ላይ ዕውር ይሆናል። ይህን ለማቃለል ጽሑፉ ከመግባቱ በፊት ምን ሊገባ እንደሆነ የሚያሳውቅ ክስተት በደንብ ተሠርቷል። ክሮምና ሳፋሪ በ2017፣ ፋየርፎክስ በመጋቢት 2021 በወጣው 87ኛ እትሙ በመደበኛነት ተቀብለውታል። ነገር ግን ቃሉ በቅንብር ላይ ሳለ የሚመጣውን ክስተት ላይብረሪው መሰረዝ አይችልም፤ ማየት እንጂ መከልከል አልተፈቀደለትም።

ከዚህ በላይ የመሣሪያ ዕድሜ አለ። ክሮም ለአንድሮይድ 5 ያወጣው የመጨረሻ እትም 95ኛው፣ ለአንድሮይድ 7 ያወጣው ደግሞ 119ኛው ነው። እነዚህን ስልኮች የያዘ ሰው ብራውዘሩ በዚያው ቁሟል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ አዲስ እትም ማውረድ ለብዙው ሰው የማይታሰብ ነበር። ዳታ ለመቆጠብ ሲባል የሚመረጠው ኦፔራ ሚኒ በበኩሉ በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹን በሩቅ ሰርቨር አዘጋጅቶ ተጨምቆ ይልካል፤ ስክሪፕቱ ስልኩ ላይ ስለማይሠራ በየምቱ የሚነቃ ላይብረሪ ሥራውን መፈጸም አይችልም። በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ በአዲስ ኮምፒውተር የተፈተሸ ቅጽ በቆቦ ገበያ በአሮጌ ስልክ ሲከፈት ሌላ ቅጽ ነው።

አምስት ምልክቶች

ብልሽቱን ለመለየት የብራውዘሩን ስም መጠየቅ የተለመደ መነሻ ነው። ከዚያ የሚሻለው የተበላሸውን ጽሑፍ ራሱን ማንበብ ነው። «ቆቦ» የሚለው ቃል በአምስት መልክ ይበላሻል፤ እያንዳንዱም መልክ ወደ ምክንያቱ ያመለክታል።

አንደኛ፣ ቃሉ በላቲን ፊደል እንዳለ ከቀረ የቁልፉ ወሬ ለላይብረሪው አልደረሰም። ወይ ላይብረሪው ራሱ አልተጫነም፣ ወይ የሚጠብቀው ክስተት በዚያ መሣሪያ አይነሣም፣ ወይ የደረሰው ቍጥር 229 ነው።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ «ቅኦብኦ» ከሆነ ቁልፉ ደርሷል፤ የጎደለው ወደ ኋላ የማየት ችሎታ ነው። ላይብረሪው የጠቋሚውን ቦታ ሲጠይቅ ባዶ መልስ አግኝቷል። ለኢሜይል ወይም ለቍጥር ተብሎ የተሰየመ ሳጥን የጠቋሚውን ቦታ አይናገርም፤ እንደ ሰነድ በነጻ የሚጻፍበት የገጽ ክፍልም ጭራሹን በሌላ ሥርዓት ይጠየቃል። መድኃኒቱ የሳጥኑን ዓይነት ማረም ወይም ለእንዲህ ያለው ክፍል የተለየ መንገድ ማዘጋጀት ነው።

ሦስተኛ፣ ፊደል ከተደጋገመ፣ ለምሳሌ «ቅቆብቦ» ከሆነ፣ አንድን ሳጥን ሁለት ጌቶች ይዘውታል። ላይብረሪው በዚያው ሳጥን ላይ ሁለት ጊዜ ተያይዞ ሊሆን ይችላል። አለዚያም ላይብረሪው የተካውን ጽሑፍ የስልኩ ቁልፍ ሰሌዳ በቅንብር ላይ ከያዘው ቃል መልሶ ጽፎታል።

አራተኛ፣ በባዶ ሳጥን «ቆቦ» በትክክል ተጽፎ፣ ቀድሞ በተጻፈ ዓረፍተ ነገር መካከል ለማስገባት ሲሞከር ቀጣዩ ሆሄ ወደ መጨረሻው ከሸሸ፣ ላይብረሪው ጥቂት ፊደል ለመለወጥ የሳጥኑን ጽሑፍ በሙሉ አንሥቶ እንደገና አስቀምጧል። ጽሑፉ በሙሉ ሲተካ ጠቋሚው ወደ መጨረሻው ይሄዳል። የተፈለገውን ክልል ብቻ የሚተካው የብራውዘሩ ተግባር ይህን ይፈታል።

አምስተኛውና ክፉው በስክሪኑ ላይ «ቆቦ» በትክክል እየታየ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ባዶ ወይም የቀድሞው ጽሑፍ ሲገኝ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሁለት ማራዘሚያዎች ግጭት ነው። ለምሳሌ ሪአክት የተባለው ላይብረሪ የሳጥኑን ጽሑፍ ለውጥ ለመከታተል በአባሉ ላይ የራሱን የክትትል ባሕርይ ይተክላል። የአማርኛው ላይብረሪ ጽሑፉን በስክሪፕት ሲለውጥ የሪአክት መዝጋቢ አዲሱን ጽሑፍ አስቀድሞ ያውቀዋል። ቀጥሎ የሚላከውን የለውጥ ወሬ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ያልፈዋል። ዓይን «ቆቦ»ን ያያል፤ ቅጹ ግን አልሰማም። መረጃ ሰብሳቢው ሥራውን ጨርሶ ከመንደሩ ይወጣል፤ ጉድለቱም የሚገኘው ትንተናው ሲጀመር ነው።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ለዓይን የሚታዩ ናቸውና ሰው ሊያርማቸው ይችላል። አምስተኛው ግን ለጥናቱ ታማኝነት ጉዳይ ነው፤ ማንም ሳያየው ወደ ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዥም ወደ መደምደሚያ ያልፋልና።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ እንዲህ ያለው ላይብረሪ ጊዜው አልፎበታል የሚል ነው። ዛሬ ስልኮች የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ አላቸው፤ ኮምፒውተርም በስርዓቱ ሊጫንለት ይችላል፤ ታዲያ ገጹ ለምን የመጻፊያ ላይብረሪ ይሸከማል? ክርክሩ እውነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በመሥሪያ ቤት፣ በቤተ መጻሕፍትና በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ተጠቃሚው አዲስ ፕሮግራም የመጫን ፈቃድ የለውም። ለእርሱ በገጹ ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው መጻፊያ በአማርኛና በላቲን መካከል ያለ ልዩነት ነው። ተቃውሞው በትክክል የሚያስተምረው ላይብረሪው እንዲጠፋ ሳይሆን መሣሪያው አማርኛ በሚያውቅበት ቦታ ገለል እንዲል ነው። ከቁልፍ ሰሌዳው የሚመጣው ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል ከሆነ ላይብረሪው ምንም ሥራ የለውም። በዚያም ላይ እጁን ካስገባ ሦስተኛውን ምልክት ይወልዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመጠቅለልን መንገድ ይመለከታል። አባሉን መጠቅለል ከማራዘም ይልቅ ብዙ ኮድ ይጠይቃል፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ደግሞ ጊዜ የለውም ይባላል። ይህም ቢሆን ሒሳቡን በግማሽ መያዝ ነው። ማራዘም ጊዜ የሚቆጥበው በመጻፍ ላይ ነው፤ በምርመራ ላይ ግን በእጥፍ ያስከፍላል። የተጠቀለለ አባል ሲሰናከል ጥፋቱ የሚፈለገው በመጠቅለያው ውስጥ ነው። የጋራው ምንጭ የተራዘመ እንደሆነ ግን ጥፋቱ በገጹ በተጫነ ማንኛውም ስክሪፕት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ጄኩዌሪ ከሁለቱ እኩዮቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ካገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ የሰውን ዕቃ ሳይነካ መሥራትን መረጠ።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው አራት ተግባራዊ ነጥብ ይከተላል።

ላይብረሪው ለአማርኛ ያስፈልገኛል የሚለውን ማንኛውንም ተግባር በገጹ አባል ወይም በጋራው ምንጭ ላይ አይትከል፤ የየሳጥኑን ማስታወሻ በራሱ ዘንድ ይያዝ። ሥራው ሲያበቃም ያያያዘውን ሁሉ ፈትቶ ሳጥኑን እንዳገኘው ይመልስ።

ስለ ብራውዘሩ ስም መጠየቅ ይቅር፤ ጥያቄው ስለ ችሎታ ይሁን። «ይህ ክሮም ነውን?» ብሎ የሚጀምር ኮድ በአንድሮይድ 5 ላይ ያለውን 95ኛውንና የዛሬውን እትም አንድ አድርጎ ያያል። «ይህ ሳጥን የጠቋሚውን ቦታ ይነግረኛልን? ጽሑፍ ከመግባቱ በፊት የሚነሣውን ክስተት ያውቃልን?» ብሎ የሚጀምር ግን የእያንዳንዱን መሣሪያ እውነተኛ መልስ ያገኛል። ችሎታው ከሌለም በጨለማ ከመሞከር ይልቅ በግልጽ ያፈገፍግ፤ ለተጠቃሚውም የሚነካ የፊደል ሰሌዳ ያቅርብለት።

የሚቻል ሲሆን ላይብረሪው ቁልፉን ሳይሆን ውጤቱን ያንብብ። የተመታው ቁልፍ በስልክ ላይ ይሰወራል፤ በሳጥኑ ውስጥ የገባው ጽሑፍ ግን በየትኛውም ብራውዘር ይነበባል። ቃሉ በቅንብር ላይ እስካለ ታግሦ፣ ቅንብሩ ሲፈጸም መተካት ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር ከመሻማት ያድናል።

አራተኛው ነጥብ ለፕሮግራመሩ ብቻ ሳይሆን ለተመራማሪውና ለአማካሪው ነው። በብራውዘር ቅጽ መረጃ የሚሰበስብ ጥናት በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ ቅጹ በምን መሣሪያና በየትኛው የብራውዘር እትም እንደ ተፈተሸ ይጻፍ። ፈተናው ውድ አይደለም። ጥናቱ የሚካሄድበት አካባቢ ስሞች፣ ለራያ ቆቦ ቢሆን ቆቦ፣ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ዞብል፣ በባዶ ሳጥን ይጻፉ፤ በዓረፍተ ነገር መካከል ይግቡ፤ ይሰረዙ፤ ተቀድተው ይለጠፉ። ከሁሉ በላይ ቅጹ ከተላከ በኋላ ከመረጃ ቋቱ ተመልሰው ይነበቡ። ይህ የመጨረሻው ርምጃ አምስተኛውን ምልክት የሚያጋልጥ ብቸኛ መንገድ ነውና አይዘለል። አስቀድሞ የተሰበሰበ መረጃ ካለም በቃል መካከል ሳድስ ሆሄን ተከትሎ የቆመ «ኦ» ወይም «ኡ» ይፈለግ። «ቅኦ» የሚል ቅጥልጥል በተገኘበት ቦታ ላይብረሪው ተሰናክሎ እንደ ነበር መጠርጠር ተገቢ ነው።

የአንድ ቦታ ስም በትክክል መጻፉ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ስለ አንድ አካባቢ ማሽላ፣ ውኃና ሕዝብ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ የሚያያዘው በዚያ ስም ነው። ስሙ በየብራውዘሩ ሲለያይ የአንድ አካባቢ እውቀት ይበታተናል። የግዕዝን ፊደል ወደ ድረ ገጽ ማምጣት ታላቅ ሥራ ነው፤ ሥራውን የሚፈጽመው ላይብረሪ ግን የገጹ ጌታ ልሁን ባለ መጠን ይሰናከላል፣ እንግድነቱን ባወቀ መጠን ደግሞ በብዙ ቤት ያለ ችግር ይገባል።